ከመስጠትሽ በፊት አሽትቺው

ቆይ፣ ቆይ የኔ እህት። ውኃው ውስጥ ከመገልበጥሽ በፊት ገብሱን መዳፍሽ ላይ አድርገሽ አሳዪኝ። አየሽ፣ ይኼ የተፈተገ ነው። ለሾርባ ይሆናል፣ ለቆሎም ይሆናል፤ ለእኛ ሥራ ግን አይሆንም። ሲፈተግ የሚወልቀው ልብሱ ብቻ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ያለችው መብቀያም ትጎዳለች። ከነከርሽው ጥቂቱ ይበቅላል፣ የቀረው ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው ደግሞ የበቀለውን ይዞት ይሄዳል። ነገ እህል ተራ ስትሄጂ «ለብቅል የሚሆን ገብስ» ብለሽ ጠይቂ፤ ነጋዴዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል። የዘር ገብስ አገኘሁ ብለሽ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው እንዳታመጪ፤ እሱ በመድኃኒት የታሸ ነው፣ ለማሳ እንጂ ለሆድ አይሆንም። ነቀዝ እንዳይበላው ክኒን የተደረገበት እህልም እንደዚያው ነው። ለዛሬ እኔ ይዤ የመጣሁትን እንጠቀም።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደምናበቅለው እንነጋገር። የደወልሽልኝ «አስኳሉ ነጣብኝ፣ ደንበኞቼ የሐበሻ እንቁላል አይመስልም አሉኝ» ብለሽ ነው። ዶሮዎችሽ ቀኑን ሙሉ ቤታቸው ውስጥ ተዘግተው ነው የሚውሉት። የሚበሉት መኖ ውስጥ ያለው በቆሎ ነጭ ነው፤ አገራችን በብዛት የምታመርተው ነጩን ነውና። ነጭ በቆሎ ደግሞ አስኳል የሚያቀልመው ነገር የለውም። የሐበሻ ዶሮ አስኳሏ የሚደምቀው ሜዳ ለሜዳ እየዞረች ሣሩንም ቅጠሉንም ስለምትለቅም ነው። የአንቺም ዶሮዎች የጎደላቸው እሱ ነው፣ አረንጓዴ ነገር። ገብሱ የሚያመጣላቸውም እሱን ነው።

የበቀለው ገብስ ግን ቀለብ አይደለም። ይህን አጥብቀሽ ያዢልኝ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በየግቢው ዶሮ ገብቷል፣ ምክሩም በዚያው ልክ በዝቷል። «እታለም፣ አንዱ ኪሎ ስድስት ኪሎ ይሆናል አሉኝ» ብለሽኛል። እውነት ነው፣ እኔም መዝኜ አይቼዋለሁ። ግን ከስድስቱ ኪሎ አምስቱ ውኃ ነው። ገብሱ ለመብቀል የራሱን ስንቅ ስለሚበላ፣ ቡቃያውን አድርቀሽ ብትመዝኚው ከጀመርሽበት እህል እንዲያውም ያንሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ አምና መኖውን በግማሽ ቀንሼ በቡቃያ ተካሁት። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ከስድስት ዶሮ በቀን አምስት እንቁላል የማነሳው ሴትዮ ሁለት ማንሳት ጀመርኩ። ዶሮዎቹ ሆዳቸው ሞልቶ ነው የተራቡት። አንድ እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ ፕሮቲኑን የሚሰጣት ፋጉሎው ወይም አኩሪ አተሩ ነው፣ ቅርፊት የሚሠራላት ደግሞ ኖራ ድንጋዩ። እነዚህን ቡቃያ አይተካቸውም። ስለዚህ መኖዋ ላይ እጅሽን አታሳጥሪ።

አሁን ወደ ሥራው። ብቅል ማብቀል ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። እናታችን ለጥምቀት ጠላ ስትጠምቅ ገብሱን ነክራ፣ አጥልላ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና ጓዳ ታስቀምጠው አልነበር? እሷ ሦስተኛው ቀን ላይ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ እኛ ሳናደርቀው እንቀጥላለን። ልዩነቱ የእኛ ታፍኖ አይቀመጥም፣ አየር ይፈልጋል።

ማታ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ገብስ እጠቢና ንከሪ። ግማሽ ነው ያልኩሽ፤ ለመጀመሪያ ይበቃል። በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ መጀመር በአንዴ ብዙ አብቅሎ ከማስሻገት ይሻላል። የተንሳፈፈውን ጣይው፣ ባዶ ፍሬ ነው። 10 ወይም 12 ሰዓት ያህል ከጠጣ በኋላ አጥልዪውና እዚህ ላይ ዘርጊው። የዘይቱን ጀሪካን በቁመቱ መሰንጠቅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ቀዳዳው አንሷል። ሚስማር አግለሽ አብዢው፣ ፍሬው እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቂ። አንዱን ጫፍ ድንጋይ አስደግፈሽ ከፍ አድርጊው፤ ከታች ውኃ ከተኛ ሥሩ ይታፈናል። ውፍረቱ ከአንድ ጣት አይብለጥ። ከዚያ ጓዳ አስቀምጪውና ጠዋትና ማታ፣ ሙቀት ሲሆን ቀን ላይም ጨምረሽ፣ ንጹሕ ውኃ አፍስሺበትና ይንጠፍጠፍ። የሰፈራችሁ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከበርሜሉ አንድ ጆግ ይበቃል። የተንጠባጠበውን በሳፋ ተቀብለሽ ጎመኑ ላይ ድፊው እንጂ መልሰሽ ገብሱ ላይ አታፍስሺው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ትደነግጫለሽ። እኔም ደንግጬ ሁለት ጊዜ ደህናውን ቡቃያ ደፍቻለሁ። በየሥሩ ዙሪያ እንደ ጥጥ የሚመስል ነጭ ፀጉር ታያለሽ። ጎንበስ ብለሽ ተመልከቺ፦ ፀጉሩ ከእያንዳንዱ ሥር ላይ በእኩል የወጣ፣ ውኃ ስታፈስሺበት ወዲያው ተኝቶ የሚጠፋ ከሆነ ሥሩ ራሱ ነው፣ ጤነኛ ነው። ሻጋታ ግን ከፍሬው ይነሳል፣ አንዱን ፍሬ ከሌላው ጋር እንደ ሸረሪት ድር ያያይዛል፣ ውኃ ሲነካውም አይጠፋም፤ ውሎ ሲያድር ግራጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ዓይንሽ ቢጠራጠር አፍንጫሽ አይሳሳትም። ደህናው የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ትንሽ የዱባ ልጣጭም ይመስላል። የቆየ ሊጥ ወይም እርጥብ ምድር ቤት ከሸተተሽ አለቀ። የነካውን ቆርጬ የቀረውን ልስጥ አትበይ፤ ሙሉውን ጥለሽ ጀሪካኑን በሳሙናና በበረኪና እጠቢው፣ በደንብ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው። ሻጋታ የዶሮን ሳንባ ነው የሚይዘው። አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ያየሻት ቀን ረፍዷል።

ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ባትሞክሪው እወዳለሁ። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ሣሩም በየአጥሩ ሥር ሞልቷል፤ አጭደሽ ብትሰጪያቸው በነፃ ያው ነው። የጎመን ውጫዊ ቅጠል ባገኘሽ ቀንም ገብስ አታባክኚ። ይህ ሥራ የበጋ ነው፣ ምድሩ ደርቆ ቅጠል ሲጠፋ።

ማሽላ ግን በፍጹም እንዳታበቅዪላቸው፤ ለጋ ቡቃያው መርዝ አለው። ስንዴና አጃ ይሆናሉ። አይጥ እህል ይሸተዋልና የነከርሽውን በወንፊት ክደኚ።

አራተኛው ቀን ላይ ከጓዳ አውጥተሽ ብርሃን ያለበት ጥላ ሥር አድርጊው፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳይመታው። ያለ ብርሃን ነጭ ሆኖ ያድጋል፣ ነጩ ደግሞ ለአስኳልሽ አይጠቅምም። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ቀን ላይ አረንጓዴው ጣት ያህል ሲረዝም ይበቃል፤ እስኪረዝም አትጠብቂ፣ ቃጫው ይበዛል። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ስለሚሆን እንዲሁ አትጣይላቸው፤ ረጅም ሥርና ቅጠል ደረታቸው ላይ ባለው የምግብ ከረጢት ተቋጥሮ ይቀራል። በመቀስ አድቅቂው። ለአንዷ ዶሮ አንድ ትንሽ ጭብጥ፣ ወደ 30 ግራም፣ ጠዋት መኖአቸውን ከበሉ በኋላ ከሰዓት ላይ ስጪያቸው። ጥግ ላይ ደግሞ ሻካራ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር በጣሳ አድርጊላቸው፤ ዶሮ ጥርስ የላትም፣ ቅጠሉን የምትፈጨው በጠጠሩ ነው።

አስኳሉ በማግስቱ አይደምቅም። አንድ አስኳል ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ 10 ቀን፣ ሁለት ሳምንትም ጠብቂ። ያን ጊዜ አንዱን ሰሃን ላይ ስበሪው፤ እስከዚያ ለደንበኞችሽ ምንም ቃል አትግቢ።

በይ አሁን ገብሱን ንከሪው፣ ምሽት ሆኗል። ጠዋት አጥልለሽ ከዘረጋሽው በኋላ ደውዪልኝ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን እኔው እመጣለሁ፣ ነጩን ፀጉር አብረን እናየዋለን።