አሮጌዋ ሮዝ ጽጌ ረዳና የነጋዴው ሚዛን

ዕቃ የሚሸጠው ስለ ተመሰገነ ብቻ አይደለም፤ ለሚሸጥበት ገበያ የተስማማ ሲሆን ነው። ይህ ሕግ በቡናና በጨው፣ በአቡጀዲና በቆርቆሮ ንግድ የታወቀ ሲሆን፣ በአበባ ንግድ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አበባ ሲታይ ዓይንና አፍንጫ ቀድመው ስለሚፈርዱ ሒሳቡ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንዲት የታወቀች አሮጌ ጽጌ ረዳ ለምሳሌ ቀርባለች፤ አትክልተኞች ስለ እርስዋ የሚሰጡት አስተያየት በሐዋሳ ከተማ፣ በቱላ፣ አበባ ተክሎ ለመነገድ ለሚያስብ ሰው ምን እንደሚጠቅም ይመረመራል።

የአበባዪቱ ታሪክ

አበባዪቱ ማዳም ካሮሊን ቴስቱ ትባላለች። ያዳቀላት በፈረንሳይ አገር በሊዮን ይሠራ የነበረው ዦዜፍ ፔርኔ ዱሼ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. ነው። ወገንዋ ሃይብሪድ ቲ ከሚባለው ነው፤ ይኸውም ከቻይና የመጣው የሻይ ጽጌ ረዳ ብርድን ከሚችለው ከአውሮፓው ዘር ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ወገን ነው።

ስምዋ የተሰጣት ካሮሊን ቴስቱ በፓሪስና በለንደን መሸጫ ቤት የነበራት የሴቶች ልብስ ሰፊ ነበረች። እንደሚነገረው፣ ስምዋ በአበባ ላይ ቢጠራ ለንግድ ቤትዋ ማስታወቂያ እንደሚሆን ዐውቃ አዳቃዩን ለመነችው፤ እርሱ ራሱ ብዙ ግምት ያልሰጣትን ችግኝም መረጠች። አበባዪቱ ግን በዓለም ታወቀች። በአሜሪካ የምትገኘው የፖርትላንድ ከተማ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመንገዶችዋ ዳር በብዛት ተክላታለች። ዛሬ የልብስ ሰፊዪቱ ስም የሚታወሰው ከልብሱ ይልቅ በአበባዪቱ ነው።

የአትክልተኞች አስተያየት

የሚያመሰግንዋት ቁጥቋጦዋ ብርቱ ነው፤ ብዙ ዘመን ትኖራለች፤ በዓመት ደጋግማ ታብባለች፤ አበባዋ ትልቅና ቅጠለ ብዙ፣ ቀለሙም የሐር መልክ ያለው ሮዝ ነው ይላሉ። የሚነቅፍዋት ደግሞ እሾህዋ ብዙ ነው፤ ቅርጽዋ እንደ ዛሬዎቹ ሾል ያለ ሳይሆን እንደ ጎመን የተድቦለቦለ ነው ይላሉ። በመዓዛዋ ነገር አይስማሙም፤ አንዱ ጣፋጭ ነው ሲል ሌላው እምብዛም አይሸትም ይላል።

እነዚህ አስተያየቶች የሚጣሉ ቢመስሉም አይጣሉም። አመስጋኙ የሚናገረው በደጁ ተክሎ ስለሚያያት አበባ ነው፤ ነቃፊው የሚናገረው ቆርጦ ስለሚሸጣት አበባ ነው። አስተያየት የሚሰማ ነጋዴ አስቀድሞ ተናጋሪው አበባዪቱን ለምን እንደ ተከላት መጠየቅ አለበት።

ወደ ውጭ የሚላክ አበባ

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ በብዛት አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። በባቱ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ አካባቢ የሚለማው ጽጌ ረዳ ከተቆረጠ በኋላ ቀዝቅዞ፣ ታስሮና ታሽጎ በቦሌ በኩል በአውሮፕላን ይሄዳል። እንዲህ ያለው አበባ አገዳው ረጅምና ቀጥ ያለ፣ እንቡጡ በመንገድ የማይጎዳ፣ በገዢው ቤትም ብዙ ቀን የሚቆይ መሆን አለበት።

የቦታ ከፍታም ይቈጠራል። እንደ ሆለታ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ብርዳም ስፍራ አበባው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ነገር ግን እንቡጡ ትልቅ፣ አገዳውም ረጅም ይሆናል። ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ባለው ሞቃታማ ስፍራ፣ እንደ ባቱና እንደ ሐዋሳ ባለው ማለት ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፤ እንቡጡ ግን ያንሳል። ስለዚህ እሾኻምዋና ድብልብልዋ አሮጌ ጽጌ ረዳ ከዛሬዎቹ ዘሮች ጋር በአውሮፕላን ጭነት ልትወዳደር አትችልም።

የቱላ ገበያ

ቱላ እንሰትና ቡና የሚለማበት፣ ከሐዋሳ ገበያ የቀረበ ስፍራ ነው። በማለዳ የተቆረጠ አበባ በዚያው ጧት ከሆቴል ወይም ከሠርግ ቤት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ገበያ የአገዳው ርዝመት ያን ያህል አይፈለግም፤ መልክና ትኩስነት ይበልጣሉ። ችግኝ ሻጭም ቢሆን ለቤት ደጅ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ብርታትና ደጋግሞ ማበብ ስለ ሆነ፣ አሮጌዪቱ ዘር በዚህ በኩል ዋጋ አላት።

ሌላም ጥቅም አለ። አዲስ ዘር ያወጣ አዳቃይ በሕግ የተጠበቀ መብት አለው፤ በአገራችን በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 481፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 1068/2010 ስለዚሁ ወጥተዋል። የአዳቃይ መብት ግን ዘመኑ የተወሰነ ነው፤ ከ1890 ጀምሮ የኖረችውን ዘር አባዝቶ ለመሸጥ ለአዳቃይ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ሆኖም ችግኝ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

ሒሳቡ

አንድ ባለሱቅ 100 አበባ እያንዳንዱን በ10 ብር ቢገዛ 1,000 ብር ያወጣል። ሳይሸጥ 30ው ቢረግፍበት፣ የቀረው 70 አበባ እያንዳንዱ ከ14 ብር ከ29 ሳንቲም በታች ከተሸጠ ባለሱቁ ከስሯል፤ ኪራይና ድካም ገና አልታሰበም። እንግዲህ በሱቅ ሁለት ቀን ጨምሮ የሚቆይ አበባ፣ መልኩ ጥቂት ቢያንስም፣ ለባለሱቁ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ችግኝ ከማዘዝ በፊት አራት ጥያቄ ይጠየቅ። አበባው የሚሸጠው የት ነው? ከተቆረጠ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል? ለአዳቃዩ የሚከፈል ገንዘብ አለበትን? በዚያ ስፍራ ዝናብና ሙቀት ጥቂት ቁጥቋጦ ተተክሎ ተፈትኗልን? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ነጋዴ የሌላውን ምስጋናም ሆነ ነቀፋ በሚዛኑ ለክቶ ይቀበላል፤ መልስ ሳያገኝ ያዘዘ ግን ውበትን ገዝቶ ኪሳራን ይሸጣል።