በኮሌጅ ደጅ ስለ መጥናት

በአሜሪካ አገር ከባልንጀሮቹ ቀድሞ ለኮሌጅ የሚያመለክት ተማሪ አለ። ብዙ ኮሌጆች ይህን ማመልከቻ እስከ ኖቬምበር 1 ቀን ይቀበላሉ፤ መልሱንም በዲሴምበር እኩሌታ ይሰጣሉ። በአንዳንዱ ዘንድ ተማሪው፥ የተቀበሉት እንደ ሆነ፥ ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደዚያው ሊገባ አስቀድሞ ይፈርማል፤ ወጪውን ከሌላው ሳያመዛዝኑ መፈረም ግን ለድኻ ልጅ ጭንቅ ነው። ሀርቫርድ የሚባለው ትምህርት ቤት፥ ቀድሞ መቀበል ለባለጠጋ ያደላል ብሎ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ልማዱን እንደሚተው አስታወቀ፤ በ2011 ግን መለሰው።

አንዳንዱ ኮሌጅ ተማሪውን በቃል ያስጠይቃል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ በዚያው ቤት ተምሮ የወጣ ሰው ነው፤ ያየውን ጽፎ ይልካል እንጂ አይፈርድም። ጥያቄውም ቀላል ይመስላል፤ ምን ታነባለህ? ከትምህርት በኋላ ምን ትሠራለህ? ይላል። ሰው ያስጠናውን ቃል የሚያነበንብ ልጅ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ነገሩ ይጠፋበታል፤ የሚወደውን ሥራ የሚናገር ግን እንኳን ሊጠፋበት ጊዜው ያጥረዋል።

መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ገብተሃል፥ አልገባህም፥ ወይም ከሌሎቹ ጋራ እንደ ገና እስክትታይ ቆይ። ብልህ ተማሪ ይህን አስቦ፥ ደጅ በሚጠናበት ወራት ለሌሎች ኮሌጆች የሚሆነውን ጽሕፈት ያዘጋጃል። የብዙዎቹ ቀን በጃንዋሪ መጀመሪያ ያልቃልና፥ እጁን አጣጥፎ የቆየ ልጅ የሚተርፈው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው።