በምናባዊ መነጽር አእምሮን ማረጋጋት

በኮቪድ-19 ምክንያት ተለይቶ በአንድ ክፍል የሚቆይ ሰው ሐሳቡን ከወረርሽኙ ወሬ ማላቀቅ ሊቸግረው ይችላል። የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ዐይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ የባሕር ዳርቻ ወይም ደን ስለሚያሳይ፣ ሐሳብን ሰብስቦ ትንፋሽን ለማዳመጥ ያግዛል። ዋናው ነገር ግን ምስሉ ሳይሆን ልምምዱ ነው፤ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ሐሳብ ሲባዝንም ራስን ሳይወቅሱ ወደ ትንፋሽ መመለስ። ይህን መነጽሩ የሌለው ሰው (አብዛኞቻችን የለንም) በመስኮት የሚታይ አንድ ዛፍ ላይ ዐይኑን አሳርፎ ሊያከናውነው ይችላል።

መነጽሩን የሚጠቀሙ ከሆነ ተቀምጠው በጥቂት ደቂቃዎች ይጀምሩ። ዐይን እንቅስቃሴን እያየ በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን አካል ግን እንቅስቃሴ ስለማይሰማው፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሊከተል ይችላል፤ ያን ጊዜ ወዲያውኑ ያውልቁት። የሚጥል በሽታ ያለባቸው አስቀድመው ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል። መነጽሩ ዐይንና አፍንጫ አካባቢ የሚያርፍ በመሆኑ፣ ታማሚው የተጠቀመበትን ለልጆች መጫወቻ አድርጎ መስጠት ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ይችላል።

እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ተስፋ መቁረጥ ከበረታ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ልምምዱ ሕክምናን አይተካም። በስልክ ለሚከታተልዎ የጤና ባለሙያ በዕለቱ ይንገሩ፤ የሚነገረው ሙቀትና ሳል ብቻ አይደለም።