ማሳሰቢያ፦ ለቤተሰብ፣ ለወዳጅና ለአስተርጓሚ

ራሱን ወንድም ሴትም ብሎ የማይገልጽ፣ ነንባይነሪ የሚባል ልጅ ወይም ወዳጅ ያላችሁ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ይህ ለእናንተ የተጻፈ ነው። «ፍቅሩስ ከማን ጋር ነው? ምን ተብሎ ይጠራል?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መጠየቁ ክፋት የለውም፤ የሚጎዳው መልሱን እኛው ቆርጠን መስጠታችን ነው።

የጾታ ማንነትንና የፍቅር ዝንባሌን አትቀላቅሉ። ዲሲ ከ2017፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንጃ ፈቃድ ላይ ከወንድና ከሴት ሌላ «ኤክስ» የሚል ምርጫ ይሰጣሉ። ያ ምልክት የጾታ ማንነትን እንጂ የፍቅር ዝንባሌን አይናገርም። ነንባይነሪ የሆነ ሰው ወንድ ሊወድ፣ ሴት ሊወድ፣ ጾታ ሳይለይ ሊወድ፣ ወይም ለማንም የወሲብ ፍላጎት ላይኖረው (ኤሴክሹዋል ሊሆን) ይችላል።

«ሴት አይደለሁም ካልሽ እንዴት ሌዝቢያን ትሆኛለሽ?» እያላችሁ አትሟገቱ። ጌይ (ወንድ የሚወድ ወንድ)፣ ሌዝቢያን (ሴት የምትወድ ሴት)፣ ስትሬት (ተቃራኒ ጾታ የሚወድ) የሚሉት ቃላት የወዳጁም የተወዳጁም ጾታ ታውቆ ያደረ ነው ብለው ይነሣሉ። አንደኛው ወገን ወንድም ሴትም ካልሆነ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ስለዚህ ሰዎች ቃሉን በሌላ ሚዛን ይመርጡታል። አንዱ ያሳደገውንና ያስጠጋውን ማኅበረሰብ ስም ይዞ ይቀጥላል። ደራሲ ሌስሊ ፋይንበርግ ራሳቸውን ትራንስጀንደርም (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ ማንነት ያላቸው) ሌዝቢያንም ብለው ይጠሩ ነበር፤ ሁለቱም የኖሩት ሕይወት ነበሩ። ሌላው ባይሴክሹዋል ይላል፣ ከአንድ በላይ ጾታ እወዳለሁ ለማለት። ፓንሴክሹዋል የሚለው ደግሞ ጾታ ለፍቅሬ መስፈርት አይደለም ማለቱ ነው። ኩዊርን የሚመርጡት ብዙ ጊዜ የራሳቸውንም የወዳጃቸውንም ጾታ ሳይዘረዝሩ መናገር ስለሚያስችላቸው ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚሠራበት «ዜጋ»ም ይህንኑ ያደርጋል፣ በራሳችን አፍ።

በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ27 ሺህ በላይ ትራንስጀንደር ሰዎች ተጠይቀው ነበር፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ነንባይነሪ ነበሩ። ከተጠያቂዎቹ ሁሉ 21 በመቶው ኩዊር፣ 18 በመቶው ፓንሴክሹዋል፣ 16 በመቶው ጌይ ወይም ሌዝቢያን፣ 15 በመቶው ስትሬት፣ 14 በመቶው ባይሴክሹዋል፣ 10 በመቶው ኤሴክሹዋል አሉ። ሩቡን እንኳ የያዘ ቃል የለም። ከመልክ ተነሥታችሁ አትገምቱ፤ ጠይቁ፣ የተነገራችሁንም ቃል ሳታርሙ ተጠቀሙበት።

ቃሉ ሲለወጥ «ያኔ ዋሽተኸን ነበር» አትበሉ። ሙዚቀኛ ጃኔል ሞኔ በ2018 እ.ኤ.አ. ፓንሴክሹዋል፣ በ2022 ደግሞ ነንባይነሪ መሆናቸውን ተናግረዋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አላፈረሰውም። መጠሪያ አልፈልግም የሚልም አለ። እሱም መልስ ነው፣ አትጎትጉቱ።

«አንተ» ወይስ «አንቺ» የሚለው ከጨነቃችሁ ይህንንም ጠይቁ። እስከዚያው «ልጄ» ማንንም አያስቀይምም።

አስተርጓሚዎች፣ ለእናንተ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በአሜሪካ በፍቅር ዝንባሌ ምክንያት ለሚደርስ ስደት ጥገኝነት የሚሰጥበት መንገድ የተከፈተው በአንድ ኩባዊ፣ በቶቦሶ-አልፎንሶ ጉዳይ በ1990 እ.ኤ.አ. በተሰጠ ውሳኔ ነው። በ1994 ለሌሎች ጉዳዮችም መመሪያ ሆነ። እንዲህ ባለው ቃለ መጠይቅ ላይ አመልካቹ «ኩዊር» ካለ «ኩዊር» በሉ። «ጌይ» ብላችሁ አታቅልሉት፤ በፋይሉ ላይ ካለው ቃል ጋር ሲጋጭ ተዓማኒነቱን የሚያጣው እሱ ነው። ከቤተ እምነት ወይም ከመንገድ የለመዳችሁትን የስድብ ቃል በሰውየው አፍ አታስገቡ። ያልገባችሁን ቃል ለጠያቂው «ማብራሪያ ልጠይቅ» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሥራውን ኅሊናችሁ ካልተቀበለው ከመጀመሪያው አትቀበሉት፤ የሰው ዕድሜ በእጃችሁ ነው።

አመልካቾችም፣ ስለራሳችሁ የምትጠቀሙበት ቃል በጊዜ ሂደት ተለውጦ ከሆነ ለጠበቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። እንዴትና ለምን እንደተለወጠ በጽሑፍ ይግባ። ማመልከቻው አሜሪካ በገባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበትም አትርሱ፤ ትክክለኛውን ቃል ስትፈልጉ ቀኑ አይለፋችሁ።

ራሳችሁ ነንባይነሪ የሆናችሁ ደግሞ፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ በመጠሪያው ብቻ አትመኑ። ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒትም ሆነ ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ወሳኙ ያላችሁ የሰውነት ክፍልና የምታደርጉት ነገር ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት።

በመጨረሻም የሰውን መጠሪያ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ አታስተላልፉ፣ በተለይ ወደ አገር ቤት። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ያስቀጣል፤ ከሕጉም በፊት ጎረቤትና ዘመድ ሊደርስ ይችላል። ልጃችሁ ለአያቱ ቀብር ወይም ለእህቱ ሠርግ ሲሄድ የሚያገኘው በእናንተ አፍ የወጣውን ነው። ለአክስት «በምሥጢር» አትንገሩ፣ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትጻፉ፣ ከወዳጁ ጋር የተነሣውን ፎቶም ሳትጠይቁት አትለጥፉ።