ስለ ጥንብ አንሣ አሞሮች እልቂት

ጥንብ አንሣ የሚባለው አሞራ በሰው ዘንድ የተናቀ ነው። ራሱ መላጣ፥ አንገቱ ረዥምና ላባ የሳሳበት፥ በምድር ላይ ሲሄድ የሚያነክስ ሰው የሚመስል፥ ምግቡም የበድን ሥጋ ስለ ሆነ፥ ባየው ጊዜ ፊቱን የማያዞር ሰው ጥቂት ነው። እንደ ንስር በኀይሉ አልተመሰገነም፤ እንደ ርግብም በየዋህነቱ አልተወደደም። ነገር ግን በአማርኛ ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች መልኩን ትተው ሥራውን አይተዋል፤ ጥንብን ከምድር የሚያነሣ እርሱ ነውና። ሥራው ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው በሕንድ አገር የታወቀው ግን አሞራው ካለቀ በኋላ ነው።

ሕንዶች ላምን እጅግ ያከብራሉ። የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች አብዛኞቹ የላም ሥጋ አይበሉምና፥ ላሚቱ አርጅታ ወተቷ ቢነጥፍ በሬውም ማረስ ቢሳነው፥ በብዙ ስፍራ ሳይታረድ ዕድሜውን ጨርሶ ይሞታል። በሞተም ጊዜ ቆዳ ገፋፊዎች ቆዳውን ይወስዱና በድኑ ከመንደር ውጭ በሜዳ ይጣላል። ያን ጊዜ አሞሮቹ ከሰማይ ወርደው አንዱን ላም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጨርሱትና አጥንቱን ብቻ ትተው ይነሡ ነበር። በሆዳቸው ያለው አሲድ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ከሥጋው ጋር የዋጡትን የበሽታ ዘር አብዛኛውን ያጠፋዋል። የቀረውን አጥንት ደግሞ ድኾች ለቅመው ማዳበሪያ ለሚሠሩ ፋብሪካዎች ይሸጡት ነበር። ለዚህ ሁሉ ሥራ አሞራው ደመወዝ አልጠየቀም፤ መንግሥትም በመዝገቡ አልጻፈውም።

በቦምባይ ከተማ የሚኖሩ ፓርሲ የሚባሉ ሰዎችም ነበሩ። እነዚህ ከጥንት ዘመን ከፋርስ አገር የመጡ የዞሮአስተር ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። ምድርና እሳት ውሃም ቅዱሳን ስለ ሆኑ በሬሳ ሊረክሱ አይገባም ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ሙታናቸውን አይቀብሩም፥ አያቃጥሉምም። ክብ ሆኖ በተሠራ ራሱ ክፍት በሆነ ግንብ ላይ ያኖሩአቸዋል፥ አሞሮችም ይበሉአቸው ነበር። ይህን የሚሰማ እንግዳ ሰው ይሰቀጥጠው ይሆናል፤ ለእነርሱ ግን ሰው በመጨረሻው ቀን ለፍጥረት የሚሰጠው ምጽዋት ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት (እዚህ የተጻፈው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሕንድ የነበሩት አሞሮች እጅግ ብዙዎች ነበሩ። ይልቁንም ጀርባ ነጭ የሚባለው ወገን በዓለም ካሉት ታላላቅ ሥጋ በል አሞሮች ሁሉ በቍጥር የሚበልጥ ሳይሆን አይቀርም ይባል ነበር። ከብዛታቸው የተነሣ ከአውሮፕላን ጋር እየተጋጩ ስላስቸገሩ፥ በዚያን ጊዜ የሚያሳስበው የአሞራ መብዛት እንጂ የአሞራ ማለቅ አልነበረም።

በራጃስታን አገር በብሃራትፑር ከተማ አጠገብ ኬኦላዴኦ የሚባል የወፎች መጠበቂያ ስፍራ አለ። የቦምባይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ባልደረባ የሆኑት ዶክቶር ቪብሁ ፕራካሽ በ1980ዎቹ ዓመታት በዚያ ስፍራ የጀርባ ነጩን አሞራ ጎጆ ቢቈጥሩ ከ350 በላይ ሆኖ አገኙት። በ1996 ዓመት ተመልሰው ቢቈጥሩ ከእኩሌታው ያነሰ ሆነ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ ጎጆ እንኳ አልቀረም። ከዛፉ ላይ የተቀመጡት አሞሮች አንገታቸውን ወደ ታች ደፍተው ብዙ ቀን ይቈዩና ከቅርንጫፉ ወድቀው ይሞቱ ነበር፤ በዛፉ ሥር፥ በቅርንጫፉ መካከል፥ በጎጆውም ውስጥ ሬሳቸው ተገኘ።

ነገሩ ከኬኦላዴኦ ብቻ አልቀረም። በሕንድ አገር ሁሉ፥ በፓኪስታንና በኔፓልም እንዲሁ ሆነ። ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ውስጥ በሕንድ ከነበሩት ከ1000 ጀርባ ነጭ አሞሮች የተረፈው አንድ ያህል ብቻ ነው። ረዥም አፍና ቀጭን አፍ የሚባሉት ሌሎቹ ወገኖችም ከመቶው 97 የሚያህሉት አለቁ።

ሰዎች ምክንያቱን ይፈልጉ ጀመር። ረኃብ ነው ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን በየሜዳው በድን ሞልቶ ሳለ ረኃብ እንዴት ይገድላቸዋል? በእርሻ ላይ የሚረጨው የተባይ መርዝ ነው ያሉም ነበሩ፤ ምርመራው ግን ይህን አላስረዳም። ከሊቃውንቱ የሚበዙት ከዚህ በፊት ያልታወቀ ተላላፊ በሽታ ነው ብለው አሰቡ፤ ሞቱ ከአገር ወደ አገር ስለ ተዛመተ አሳባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንዲህም ከሆነ በሽታው በዘመዶቻቸው አሞሮች በኩል ወደ ዐረብ አገርና ወደ አፍሪካ ይሻገራል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ብዙ ዓመት ቫይረስ ሲፈለግ ኖረ፥ አልተገኘም። ዐዋቂ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፤ ከሚመስለው ነገር ላይ ዐይኑን ይተክልና በአጠገቡ ያለውን አያይም።

ምስጢሩ የተገለጠው በፓኪስታን ነው። ሊንድሴይ ኦክስ የሚባሉ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በፑንጃብ አውራጃ የሞቱትን አሞሮች ሆድ ከፍተው በመረመሩ ጊዜ፥ ልባቸውና ጉበታቸው ኖራ እንደ ተቀባ ግድግዳ ነጭ ነገር ለብሶ አገኙት። ይህም ኵላሊቱ ሥራውን ያቆመ የወፍ ምልክት ነው። ኵላሊት የማያወጣው ቈሻሻ በደሙ ውስጥ ይከማችና ነጭ ድቄት ሆኖ በሆድ ዕቃው ላይ ይቀመጣል። ኵላሊቱን የጎዳው ግን ምን ነበር? ቫይረስ የለም፤ የእርሳስ መርዝ የለም፤ የተባይ መድኃኒትም የለም። በመጨረሻ ሐኪሙ ሌላ ነገር አሰቡ፤ አሞራው የሚበላው ከብቱን ከሆነ፥ ከብቱስ የሚሰጠው ምንድን ነው? የከብት ሐኪሞችና የመድኃኒት ሻጮች በተጠየቁ ጊዜ፥ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ በቅርብ ዓመታት ርካሽ ሆኖ በየመንደሩ እንደ ተሠራጨ ተናገሩ።

ከዚህ በኋላ መልሱ ሩቅ አልነበረም። ነጩ ነገር በሆዳቸው ከተገኘባቸው ከተመረመሩት 25 አሞሮች በ25ቱም መድኃኒቱ ተገኘ፤ በሌላ ምክንያት ከሞቱት ግን በአንዱም አልተገኘም። መድኃኒቱ ከተሰጠው ከብት ሥጋ የበሉ አሞሮችም እንደዚሁ ሆነው ሞቱ። ይህ በ2004 ዓመት ታትሞ ለዓለም ተነገረ።

በዚህ ነገር ላይ ቈም ብሎ ማሰብ ይገባል። መድኃኒቱን ለከብቱ የሰጠው ገበሬ ክፉ ሰው አልነበረም። ያረጀ በሬው ጕልበቱን ታሞ ሲያነክስ፥ ላሚቱም ጡቷ አብጦ ስትሠቃይ አይቶ ራራና ካለችው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ መርፌ አስወጋላት። አምራቹም አሞራን እገድላለሁ ብሎ አልሠራውም፤ ሰውም ዲክሎፌናክን ለራሱ ሕመም ይወስደዋል። ርኅራኄው ለአንዱ ሲደርስ ሌላውን ገደለ፤ አድራጊውም አላወቀም። አሞሮቹ በመቶ የሚቈጠሩ ሆነው ከአንድ በድን ስለሚበሉ፥ መርዝ ያለበት በድን ከመቶው አንድ እንኳ ባይሞላ ወገናቸውን ለመጨረስ በቂ እንደ ሆነ በሒሳብ ታውቋል። አሞራውም በዓመት አንድ ዕንቍላል ብቻ የሚጥል፥ ለመውለድም አምስት ዓመት ያህል የሚፈጅ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ የሞተውን የሚተካበት ጊዜ አላገኘም።

አሞሮቹ ካለቁ በኋላ በድኑ በየሜዳው ይገማ ጀመር። ውሾች መጡና የአሞራውን ማዕድ ወረሱ፤ በሕንድ የውሾች ቍጥር ከ1992 እስከ 2003 ባለው ጊዜ 5 ሚሊዮን ያህል ጨመረ። ውሻ ግን እንደ አሞራ በድኑን ፈጥኖ አይጨርስም፤ የእብድ ውሻ በሽታንም ይዞ ወደ ሰው ይመጣል። (በኢትዮጵያ ከተሞች ዳር ከአሞራው የተረፈውን ጅብ በሌሊት ያነሣል፤ በሕንድ ሜዳዎች ግን ይህን ሥራ የሚጋራ እንዲህ ያለ ብዙ ጅብ የለም።) በድን ወደ ወንዝም ተጣለና የሚጠጣው ውሃ ተበከለ። በ2024 ዓመት ኹለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት፥ ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በአሞራው መጥፋት ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን የሚያህል ሰው ያለ ጊዜው እንደ ሞተ ገመቱ። የፓርሲዎቹ ግንብም ያለ አሞራ ቀረ፤ የፀሐይን ሙቀት የሚሰበስብ መሣሪያ ቢያቆሙም ደመና በሆነ ጊዜ ሥራውን አይሠራም።

በ2006 ዓመት ሕንድና ኔፓል ፓኪስታንም ዲክሎፌናክ ለከብት እንዳይሠራ ከለከሉ። በዚያው ዓመት ሜሎክሲካም የሚባለው ሌላ ማስታገሻ አሞራን እንደማይጎዳ ተረጋገጠ፤ ገበሬውም ከብቱን ያለ መድኃኒት አይተውም። ነገር ግን ሕግ ማውጣት ቀላል ነው። ለሰው የሚሸጠው ዲክሎፌናክ በትልቅ ጠርሙስ ይገኝ ስለ ነበር፥ ሰዎች ለሰው ብለው እየገዙ ለከብት ይወጉት ነበር። የሕንድ መንግሥት በ2015 ዓመት የጠርሙሱ መጠን ከአንድ ሰው መርፌ እንዳይበልጥ፥ 3 ሚሊሊትር ብቻ እንዲሆን አዘዘ። አሞራን የሚገድሉ ሌሎች ማስታገሻዎችም ስለ ነበሩ፥ ኬቶፕሮፌንና አሴክሎፌናክ ለከብት እንዳይሰጡ የተከለከሉት በ2023 ዓመት ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያው ምክንያት ከታወቀ ከ19 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በአፍሪካ ደግሞ አሞሮች የሚያልቁት በሌላ መንገድ ነው። ጅብና አንበሳ ለመግደል ሥጋ ላይ የሚነሰነሰው መርዝ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥንብ አንሣውን ነው። ዝሆን የሚገድሉ ሌቦችም፥ አሞራ በሰማይ ሲዞር ጠባቂዎች ያሉበትን እንዳያውቁባቸው፥ የገደሉትን ዝሆን ሥጋ ይመርዙታል። በ2019 ዓመት በቦትስዋና ከተመረዙ ሦስት ዝሆኖች ሥጋ የበሉ 537 አሞሮች በአንድ ጊዜ ሞተው ተገኙ። በሕንድ ያሉት ሳያውቁ ገደሉ፤ በዚህ ግን ዐውቆ የገደለ ሰው አለ።

በሕንድ ፒንጆር በሚባል ስፍራ አሞሮችን እያራቡ ወደ ዱር የሚመልሱበት ቤት ተሠርቶአል። ስሙንም ጃታዩ ብለውታል፤ ጃታዩ በራማያና ታሪክ ውስጥ ሲታ የምትባለውን ንግሥት ከጠላት ሊያድን ሲዋጋ የወደቀ የአሞሮች አለቃ ነው። በኔፓልም በ2006 ዓመት የፒታውሊ መንደር ሰዎች ሌላ ብልሃት አገኙ። ያረጁትንና የማይጠቅሙትን ከብቶች ከገበሬው እየተቀበሉ በአንድ ስፍራ ያሰማሩአቸዋል፤ ያ መድኃኒትም አይሰጣቸውም። ከብቱ በዕድሜው ሲሞት በድኑን አውጥተው በሜዳው ያኖሩታል። ሰዎቹም ርቀው ከዳስ ውስጥ ተሸሽገው ይጠብቃሉ፤ አስቀድሞ አንድ አሞራ ከላይ ይዞርና ይወርዳል፥ ከእርሱም በኋላ ሌሎቹ ይከተሉታል።