ስለ ቺፕ ፋብሪካዎች የሒሳብ አያያዝ
የዕቃ ዋጋ፥ የመኪና እርጅናና የመጋዘን ሸቀጥ ግምት

በዛሬው ዘመን ከውጭ አገር የሚመጣ ስልክ፥ ቴሌቪዥን ወይም አውቶሞቢል ያለ ቺፕ አይሠራም። ቺፕ ማለት ሴሚኮንዳክተር ከሚባለው ቁስ፥ ይልቁንም ከሲሊኮን የሚሠራ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። አስመጪዎቻችን ቺፑን ለብቻው ባይነግዱበትም ዋጋውን በሚያስመጡት ዕቃ ውስጥ ይከፍሉታል። ይህን ትምህርት ለማቅረብ ያነሣሣን ግን ሌላ ምክንያት ነው። በማናቸውም የንግድ ቤት መዝገብ ላይ ሦስት ከባድ ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ይኸውም ዕቃው ስንት ፈጀ፥ መሣሪያው በስንት ዓመት ያረጃል፥ በመጋዘን ያለው ሸቀጥ ዛሬ ምን ያወጣል የሚሉት ናቸው። እነዚህም ጥያቄዎች ከቺፕ ፋብሪካ ይልቅ ጎልተው የሚታዩበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከሦስቱ በአንዱ ትክክለኛ ያልሆነ መልስ የሰጠ ነጋዴ በመዝገቡ ትርፍ እያየ በሣጥኑ ገንዘብ ያጣል።

1ኛ፤ ዕቃው ስንት ፈጀ?

ቺፕ አንድ በአንድ አይሠራም። ዌፈር በሚባለው ክብና ስስ የሲሊኮን ዝርግ ላይ ብዙ ቺፖች በአንድነት ይሠራሉ። በታላላቆቹ ፋብሪካዎች የዌፈሩ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 300 ሚሊሜትር ነው። ዌፈሩ በብዙ መቶ የሥራ ደረጃዎች ሲያልፍ ሦስት ወር ያህል ሊፈጅ ስለሚችል፥ መዝገብ በሚዘጋበት ቀን ያላለቀ ሥራ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ የሒሳብ ሹሙ እያንዳንዱ ዌፈር እስከዚያ ቀን የፈጀውን ወጪ አስልቶ በሀብት ዝርዝር ውስጥ ማሳየት አለበት።

ከዌፈሩ የሚገኙት ቺፖች ግን ሁሉም ደኅና አይወጡም። ለምሳሌ አንድ ዌፈር ተሠርቶ እስኪያልቅ 6,000 ዶላር ፈጀ፥ በላዩም 500 ቺፖች አሉ እንበል። ሁሉም ደኅና ቢሆኑ አንዱ 12 ዶላር ይፈጃል። ደኅናዎቹ 400 ብቻ ቢሆኑ ዋጋው 15 ዶላር፥ 250 ብቻ ቢሆኑ 24 ዶላር ይሆናል። ወጪው ሳይጨምር የአንዱ ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቡና ላኪዎቻችን ይህን ነገር አሳምረው ያውቁታል፤ ቡናው ተለቅሞና ተበጥሮ የወጣለት ጉድለት ሁሉ በንጹሑ ቡና ዋጋ ላይ ይወድቃልና። ደንቡም ይህንኑ ይላል፤ በሥራው ጠባይ የሚጠበቀውን ጉድለት ደኅናው ዕቃ ይሸከማል፤ ከልማድ ያለፈ ብልሽት ግን በዕቃው ዋጋ ላይ ሳይጨመር በዚያው ዘመን በኪሣራነት ይመዘገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ሥራ የፈታ ፋብሪካ ጉዳይ ይመጣል። የአንድ ፋብሪካ ቋሚ ወጪ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር፥ የተለመደው ሥራውም 100,000 ዌፈር ቢሆን፥ ለእያንዳንዱ ዌፈር 1,000 ዶላር ቋሚ ወጪ ይደርሰዋል። ገበያ ጠፍቶ 50,000 ብቻ ቢሠራና ወጪው ሁሉ በእነዚሁ ላይ ቢጫን፥ ለአንዱ 2,000 ዶላር ሊደርሰው ነው። እንዲህ ከሆነ ገበያ በጠፋበት ዓመት የመጋዘኑ ሸቀጥ በመዝገብ ላይ ይወደዳል፤ ይህም ከእውነት የራቀ ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደንብ ቋሚውን ወጪ በተለመደው የሥራ መጠን እንዲያካፍሉ ያዛል። በዚህ ምሳሌ 50 ሚሊዮኑ ወደ ዕቃው ሲገባ፥ የቀረው 50 ሚሊዮን የዚያ ዓመት ወጪ ይሆናል።

2ኛ፤ መኪናው በስንት ዓመት ያረጃል?

በቺፕ ፋብሪካ ትልቁ ወጪ ብዙውን ጊዜ የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የጥሬ ዕቃ ዋጋ ሳይሆን የፋብሪካው መኪናዎች እርጅና ነው። የሆላንድ ኩባንያ የሆነው አስመል ከሚሠራቸው፥ እጅግ ረቂቅ ንድፍ በብርሃን ከሚያትሙት መኪናዎች አንዱ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። 150 ሚሊዮኑ በ5 ዓመት ቢካፈል በዓመት 30 ሚሊዮን፥ በ8 ዓመት ቢካፈል 18 ሚሊዮን 750 ሺሕ ይሆናል። መኪናው ያው ነው፤ የተከፈለውም ገንዘብ ያው ነው፤ የዓመቱ ትርፍ ግን ይለያያል።

የአሜሪካው ኢንቴል ኩባንያ በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአንዳንድ ማምረቻ መኪናዎቹን ዕድሜ ከ5 ወደ 8 ዓመት አሳደገ። በዚህም የዚያ ዓመት የእርጅና ወጪ 4 ቢሊዮን 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚቀንስለት አስቀድሞ ገመተ። ከዚህ ውስጥ 2 ቢሊዮን 600 ሚሊዮኑ ከተሸጠው ዕቃ ወጪ፥ 400 ሚሊዮኑ ከምርምር ወጪ፥ 1 ቢሊዮን 200 ሚሊዮኑ ደግሞ ካልተሸጠው ሸቀጥ ዋጋ የሚቀነስ ነበር። ኩባንያው ለውጡን በግልጽ ስላስታወቀ ደንብ አልተላለፈም። ሆኖም በዚህ ለውጥ ምክንያት ከደንበኛ አንድ ሳንቲም እንኳ ተጨምሮ አልገባም። በ2024 በሦስተኛው ሩብ ዓመት ደግሞ ይኸው ኩባንያ በአንዳንድ የማምረቻ ሀብቶቹ ዋጋ መውደቅና እርጅናቸውን በማፋጠን ምክንያት 3 ቢሊዮን 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ መዘገበ። የዕድሜ ግምት ምን ጊዜም ግምት ስለ ሆነ በየዓመቱ መመርመር አለበት።

3ኛ፤ የመጋዘኑ ሸቀጥ ዛሬ ምን ያወጣል?

ቺፕ እንደ ወርቅ አይቀመጥም፤ አዲስ ዓይነት ሲወጣ ወይም ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ሸቀጡ ከፈጀው ወጪና የመሸጫ ወጪው ተቀንሶለት ከሚያስገኘው ገንዘብ በሚያንሰው ይመዘገባል። በ2022 የማስታወሻ ቺፖች ገበያ በወደቀ ጊዜ ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብዙ ሸቀጥ ተከማችቶበት ነበር። በመጋቢት 2023 ባስታወቀው የሩብ ዓመት ሒሳብም ከሸቀጡ ዋጋ ላይ 1 ቢሊዮን 430 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ። ያ ሸቀጥ በኋላ ሲሸጥ የተመዘገበበት ዋጋ ዝቅተኛ ስለ ነበር የኋለኛውን ጊዜ ትርፍ ከፍ አደረገው። እንግዲህ የአንድ ዓመት ሒሳብ ብቻውን አይፈረድበትም፤ ኪሣራው ከታየበት ዓመት ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት።

በአሜሪካ ደንብ አንድ ጊዜ የተቀነሰ የሸቀጥ ዋጋ ተመልሶ አይጨመርም። በዓለም አቀፉ ደንብ ግን የቀነሰበት ምክንያት ሲወገድ ከመጀመሪያው ወጪ ሳያልፍ መመለስ ይቻላል። በአገራችንም የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ ያለባቸው ድርጅቶች ዓለም አቀፉን ደረጃ እንዲከተሉ ስለሚያዝ፥ ይህ ደንብ ለእኛም የቅርብ ጉዳይ ነው።

ለነጋዴው የሚቀረው ትምህርት

ስልክ የሚሸጥ ባለሱቅ ያለፈውን ዓመት ዓይነት በገዛበት ዋጋ እየመዘገበ ቢቆይ መደርደሪያው ሀብታም፥ ኪሱ ድኻ ይሆናል። ባለወፍጮው የመኪናውን ዕድሜ አርዝሞ ቢገምትና ትርፍ ነው ያለውን ገንዘብ ቢበላው፥ መኪናው በተሰበረ ቀን መተኪያ ያጣል። በዱቤ ሊሸጥ ወይም ሽርክና ሊገባ የሚያስብም ሰው የሌላውን የሒሳብ መግለጫ ሲመለከት፥ ትርፉ ስንት ነው ብቻ ብሎ አይለፍ። ሸቀጡ በስንት ተገመተ፥ መሣሪያው በስንት ዓመት ተካፈለ፥ ግምቱስ ካለፈው ዓመት ተለውጧልን ብሎ ይጠይቅ። የትርፉ እውነተኛነት የሚታወቀው ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሚሰጠው መልስ ነው።