ምክንያትን ከምክንያት መለየት

አስረጂ ድርሰት የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር መድረሱን ብቻ ሳይሆን በምን ምክንያት እንደ ደረሰም ማስረዳት ይገባዋል። አንድ ውጤት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ምክንያት አለው። ጸሐፊው ምክንያቶቹን ቢደባልቃቸው አንባቢው የተሳሳተ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ባትሪው አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ የሚጓዘው ርቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ርቀቱ ሲያጥር ብዙዎች «ባትሪው አርጅቷል» ይላሉ። ይሁን እንጂ ምክንያቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው አላፊ፣ ሁለተኛው ዘላቂ ነው።

አላፊው ከጉዞው ሁኔታ የሚመጣ ነው። በብርድ ጊዜ በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሂደት ስለሚዘገይ፣ የመኪናው ማሞቂያም ከዚያው ባትሪ ኃይል ስለሚወስድ ርቀቱ ያጥራል። ፍጥነት ሲጨምር አየሩ መኪናውን አጥብቆ ስለሚቋቋመው ባትሪው ቶሎ ይጎድላል። ዳገትም እንዲሁ ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ ቁልቁለት ሲመጣ ግን ሞተሩ ኤሌክትሪክ አመንጪ ሆኖ ከወጣው ኃይል ከፊሉን ይመልሳል። ሁኔታው ሲለወጥ ርቀቱም ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ዘላቂው ባትሪው ራሱ ኃይል የመያዝ አቅሙን ሲያጣ የሚደርስ ነው። በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል የሚመላለሱት የሊቲየም ቅንጣቶች ናቸው። ከጊዜ ብዛት በኔጌቲቭ ዋልታው ላይ ያለው ስስ ሽፋን እየወፈረ ከቅንጣቶቹ ከፊሎቹን ይዞ ያስቀራል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ ለረጅም ጊዜ ማቆምም ያባብሰዋል። በዚህ መንገድ የጠፋ አቅም አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አልነበረውም። በ2012 በአሜሪካ ሞቃት በሆነው በአሪዞና የሚኖሩ ባለመኪናዎች ርቀቱ አጠረብን ብለው አቤት አሉ። የባትሪውን አቅም የሚያሳየው መለኪያ 12 እርከኖች ነበሩት፤ የመጀመሪያው እርከን ሲጠፋ 15 በመቶ ያህሉ አቅም ሄዷል ማለት ነበር። ኩባንያውም በ5 ዓመት ወይም በ60,000 ማይል ውስጥ መለኪያው ከ9 እርከን በታች ቢወርድ ባትሪውን እንደሚያድስ ዋስትና ሰጠ። እነዚህ ሰዎች ያጡትን አቅም የነጠቃቸው ሙቀት ስለ ነበረ ወቅት ቢለወጥም አልተመለሰላቸውም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህን መለየት ለእኛም ያስፈልጋል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው የእንጦጦን ዳገት አንድ ቀን ወጥቶ ባትሪው ስለ ጎደለበት ብቻ «አርጅቷል» ብሎ ሊፈርድ አይገባም። ሻጩ ያረጀውን ባትሪ «ዳገቱ ነው» ብሎ ቢያመካኝለትም ሊያምን አይገባም። በአንድ መንገድና በአንድ ፍጥነት ደጋግሞ ይለካ፤ የባትሪውንም አቅም በመሣሪያ ያስመርምር። ምክንያቱን ሳያውቅ ቢገዛ የሚከስረው ገንዘቡን ነው።

ለ. ማስታወሻ

«ስለ» በስም ላይ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የነገሩን ርእስ ያመለክታል፤ «ስለ ባትሪ ጻፈ» እንደ ማለት ነው። በግስ ላይ ሲገባ ግን ምክንያትን ያሳያል፤ «ስለሚዘገይ ርቀቱ ያጥራል» እንደ ማለት ነው። «ስለዚህ» ደግሞ ምክንያቱን ከተናገርን በኋላ ውጤቱን ያስከትላል። «ስለዚህ» ከማለታችሁ በፊት የጠቀሳችሁት ምክንያት ለውጤቱ የሚበቃ መሆኑን መርምሩ።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ «ስለ» በግስ ላይ የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለዩ።

2. «መኪናው ዛሬ ሩቅ አልሄደም፤ ስለዚህ ባትሪው አርጅቷል።» የዚህ አባባል ጉድለት ምንድን ነው? አስተካክላችሁ ጻፉ።

3. የጉድጓድ ውሃ የሚጎድልባቸውን ምክንያቶች አላፊና ዘላቂ ብላችሁ በመክፈል ባለ ሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።